ከትርፍ ጋር የማኅበረሰብንና የአካባቢን ጥቅም የሚይዝ ንግድ እንዴት እንደሚመሠረት፦ የመንዝ የበግ ጠጉር እንደ ምሳሌ

ለአካባቢው ሰውና መሬት የሚበጅ ንግድ መጀመር የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ «ካተረፍኩ በኋላ ለተቸገሩት እሰጣለሁ» ብሎ ይነሣል። ይህ ምጽዋት ነው፤ መልካም ቢሆንም ገበያ በቀዘቀዘ ዓመት ቀድሞ የሚቀረው እርሱ ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ንግድ ግን በጎ ሥራውን ከወጪው ጋር አብሮ የሚቆጥር ነው። አሠራሩ እንዲታይ የሰሜን ሸዋን፣ በተለይም የመንዝን የበግ ጠጉር ይዘን እንሂድ።

በመጀመሪያ የሚፈታውን ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «የሴቶችን ኑሮ ማሻሻል» የሚለው እጅግ ሰፊ ነው። በመንዝ ጠጉሩን በእንዝርት የሚፈትሉት በአብዛኛው ሴቶች፣ ዝተትና ባና የተባሉ ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብሶች አድርገው የሚሸምኑት ደግሞ ወንዶች ስለሆኑ፣ ከሁለቱም ጋር ተቀምጠው ለአንድ ዝተት የሚበቃው ፈትል ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ ማን ወደ ገበያ እንደሚያወጣውና ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ ይጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ ፈታይዋ ክፍያዋን በራሷ እጅ ወይም በራሷ የባንክ ደብተር ካልተቀበለች፣ የዋጋው መጨመር ለእርሷ ምንም ላይለውጥ ይችላል።

ቀጥሎ ንግዱ መሬቱን የሚጎዳበትን መንገድ አስቀድመው ይፈልጉ። ክፍያው በጠጉር ብዛት ብቻ ከሆነ ገበሬው በግ ወደ ማብዛት፣ ግጦሹም ወደ መራቆት ይሄዳል፤ ስለዚህ ለንጹሕና ለቀጭን ፈትል የተሻለ ዋጋ መክፈል ይሻላል። የበጎቹን የተፈጥሮ ጥቁር፣ ነጭና ቡናማ መልክ እንዳለ መጠቀም የማቅለሚያውን ኬሚካልና የማፍሊያውን ማገዶ ያስቀራል፤ የእጥበቱ ውኃ ደግሞ ወደ ምንጭ እንዳይወርድ የማስረጊያ ጉድጓድ ያስፈልገዋል። አገሩ ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ እንግዳ አይደለም፤ የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር መሬቱን ቄሮ በሚባል ጥንታዊ የግጦሽ አስተዳደር፣ ለዓመታት እየዘጋና በተወሰነ ደንብ እየከፈተ፣ ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከቀረ በኋላም በሌላ መንገድ፣ ለ400 ዓመት ያህል ጠብቆ ስለቆየ ነው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ የሚገኙት።

ሦስተኛው ሥራ ዋጋ ማውጣት ሲሆን፣ ብዙ ጥሩ ሐሳቦች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ለስሌት ያህል አንድ ዝተት ለጠጉር 500፣ ለፈታይ 900፣ ለሸማኔ 600፣ ለእጥበትና ለጉድጓድ 100፣ ለመጓጓዣ፣ ለኪራይና ለግብር 400 ብር ቢያስወጣ ድምሩ 2,500 ብር ይሆናል። በ2,900 ቢሸጥ 400 ብር ይተርፋል። ገዢው 2,300 ብቻ ቢሰጥስ? ብዙ ነጋዴ ቶሎ የሚቀንሰው ከፈታይዋ 900 ብር ላይ ነው፤ ድርጅቱ የተቋቋመለት ዓላማ ግን እርሱ ስለሆነ እንዳይነካ አስቀድሞ መወሰን ይገባል። መቀነስ ያለበት የመጓጓዣው ወጪ ነው፤ ወይም ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በደብረ ብርሃንና በዋና ከተማዋ ያሉ ሆቴሎችን የመሰለ ሌላ ገዢ መፈለግ ነው። ይህም ካልሆነ ምርቱን ወደ ምንጣፍ ወይም ወደ መቀመጫ ልብስ መለወጥ ይቻላል። ገዢ በርኅራኄ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ተመልሶ የሚመጣው ዝተቱ ስላሞቀው ነውና ጥራትን ከዓላማው ለይቶ ማየት አይገባም።

በአራተኛ ደረጃ ሕጋዊ ቅርጹን ይምረጡ። ፈታዮቹና ሸማኔዎቹ ራሳቸው ባለቤት እንዲሆኑ ከተፈለገ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ የወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በዚህ ላይ ያማክራል። አንድ ሰው ብቻውን የሚጀምር ከሆነ የንግድ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ይፈቅዳል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትም በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ገቢ በሚያስገኝ ሥራ መሰማራት ይችላል፤ ትርፉን ግን ለአባላቱ ማከፋፈል አይችልም። የትኛውም ቢመረጥ የትርፉ ክፍፍል በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ በቁጥር መስፈር አለበት። ለድሆች አነስተኛ ብድር ከሚሰጠው ከግራሚን ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጣቸው የባንግላዴሹ ሙሐመድ ዩኑስ ባለሀብቱ ያወጣውን ገንዘብ ብቻ መልሶ ወስዶ ትርፉ በሥራው ውስጥ እንዲቀር ያስተምራሉ። ለጀማሪ ይህ የሚከብድ ይመስለኛል፤ ይልቁንም ከትርፉ ምን ያህሉ ለባለድርሻ፣ ምን ያህሉ ለመጠባበቂያ እንደሚውል መወሰንና ያንን ያለ ፈታዮቹ ስምምነት አለመለወጥ ይበቃል።

በመጨረሻ ሁለት መዝገቦች ይያዙ፤ አንዱ የገንዘቡ፣ ሌላው የዓላማው። በሁለተኛው መዝገብ ውስጥ በየወሩ ስንት ሴቶች እንደተከፈሉ፣ ለአንድ የሥራ ቀን ምን ያህል እንደደረሳቸውና ጉድጓዱ መቼ እንደተጠረገ ይጻፋል። ሁለቱም መዝገቦች በየሦስት ወሩ በዕድር ስብሰባ ላይ፣ መጻፍና ማንበብ የማይችሉትም እንዲሰሙ ድምፅን ከፍ አድርጎ ይነበቡ።