ቤልትዌይ ላይ ማታ ማታ መቆም፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ። ከቀኑ 10፡30 (በእኛ አቆጣጠር) ዋሽንግተን ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ ከፎልስ ቸርች (ቨርጂኒያ) ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) እንጀራ ሊገዙ ወጡ እንበል። ፎልስ ቸርች እንጀራ ጠፍቶ አይደለም፤ የዚያኛዋ ሴትዮ እንጀራ ዓይኑ ስለሚያምር ነው። ታይሰንስን አልፈው ወደ አሜሪካን ሊጅን ድልድይ ሲቃረቡ ከፊት ያለው የፍሬን መብራት ሁሉ ይቀላል፤ ከዚያ በኋላ መንዳት ሳይሆን መንፏቀቅ ነው።

መጀመሪያ አደጋ ወይም የመንገድ ሥራ መኖሩን በስልክዎ ካርታ ይመልከቱ። ካለ፣ ከዚህ በታች ያለው አይጠቅምዎትም።

መንስኤው። የአውራ ጎዳና አንድ መስመር በሰዓት 2,000 ገደማ መኪና ያሳልፋል። ከዚያ ጥቂት ሲያልፍ አንዱ ፍሬን ይነካል፣ ተከታዩ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ከኋላ ያለው ጭራሽ ይቆማል። ክፋቱ፣ መንገዱ አንዴ ከተዘጋ ቀድሞ ያሳልፍ የነበረውን ያህል እንኳ አያሳልፍም። ጀበና የሚገነፍለው በመጨረሻዋ እሳት ነው። ከሥራ የሚመለሰው ሰው ሰዓቱን አይመርጥም፤ የመጨረሻዋን እሳት የምንጨምረው ብዙ ጊዜ እኛ፣ እንጀራ ገዢዎቹ ነን።

መፍትሄው። ለገበያ ከምሽቱ 1፡30 በኋላ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ይውጡ። የሁለት ሳምንት እንጀራ ገዝተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያስቀምጡ ማንም አይታዘብዎትም። አራስ ጥየቃም ቅዳሜ ይሻላል። ለቅሶ ከሆነ ግን ይሂዱ፤ ለቅሶ ሰዓት አይመረጥለትም።

ተመልሶ ቢዘጋስ? ይዘጋል። እርስዎ የለቀቁትን ቦታ መጨናነቁን ሸሽቶ የነበረ ሌላ ሰው ይይዘዋል። ስቶክሆልም በ2006 (እ.ኤ.አ.) ወደ ከተማዋ በሚገባና በሚወጣ መኪና ላይ ክፍያ ስትጥል ትራፊኩ በ20 በመቶ ገደማ የቀነሰውና ቅናሹም የዘለቀው፣ ባዶው ቦታ ዋጋ ስለወጣለት ይመስለኛል። እኛም ዘንድ ከቤልትዌይ ወደ ውስጥ ያለው 66 ቁጥር መንገድ በሥራ ቀናት እንዲሁ ነው፦ ወደ ዲሲ ከንጋቱ 11፡30 እስከ 3፡30፣ ከዲሲ ሲወጡ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ያስከፍላል፤ ዋጋውም እንደ መጨናነቁ ይንራል። ሦስት ሆነው ከሄዱና ኢዚፓስ ፍሌክስ የተባለውን የመንገድ ክፍያ መቁረጫ መሣሪያዎን ለጋራ ጉዞ ካስተካከሉ አይከፍሉም። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ደግሞ ብቻውን ለሚነዳም ነጻ ነው።