የአሮጌ ጣውላ ወለል ክፍተት እንዴት ይደፈናል?

በአዲስ አበባ የቀድሞ ሰፈሮች ዛሬም ከቆሙት አሮጌ ቤቶች መካከል ወለላቸው መሬት ላይ ያላረፈ፣ ከድንጋይ መሠረቱ በላይ በሞራሌ (ጣውላውን በሚሸከም አግዳሚ እንጨት) ተይዞ ከሥሩ ባዶ ቦታ የተተወለት የጣውላ ወለል የሆነ ይገኛሉ። ባዶው ቦታ እንጨቱን ከምድር እርጥበት የሚጠብቅ ብልህ አሠራር ነው፤ ጣውላዎቹ በዕድሜ ብዛት ሲላቀቁ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ በዚያው በኩል ወደ ቤት ይዘልቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ በውጭው ግድግዳ ግርጌ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች በፍጹም አይድፈኑ። ብርዱ ከዚያ ስለሚመጣ መድፈኑ አቋራጭ ይመስላል፤ ሆኖም መውጫ ያጣው እርጥበት ሞራሌውን ያበሰብሰዋል። የሚደፈነው ከላይ፣ ከክፍሉ በኩል ብቻ ነው።

ነፋስ ባለበት ቀን በርና መስኮት ዘግተው የተለኮሰ ሰንደል በወለሉ ላይ በዝግታ ያንቀሳቅሱ። ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው ጭስ በድንገት ወደ ጎን የሚተኛበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ ምልክቱ በጣውላዎቹ መካከል ብቻ ሳይሆን በግድግዳው ጥግ፣ በዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን በሚመታው ጠባብ ጣውላ) ሥር ጭምር ይበዛል። ከዚያ ክፍተቱን በአሮጌ ካቻቪቴ ጠርገው ያጽዱ፤ የላሉ ጣውላዎችንም ከሥራቸው የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩን አረጋግጠው ያጥብቁ።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው ወቅቱንና መሙያውን መምረጥ ነው። ጣውላ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን በበጋ ይሸሻል፣ በክረምት ያብጣል። የካቲት ላይ ክፍተቱ እጅግ በሰፋበት ጊዜ ደረቅ መሙያ የጠቀጠቀ ሰው፣ ሐምሌ ላይ ጣውላዎቹ መስፊያ አጥተው እርስ በርስ ሲገፋፉና ወደ ላይ ሲጎብጡ ያያል። በክረምት የሞላው ደግሞ በጋ ሲገባ መሙያው ይረግፍበታል። ስለዚህ እንጨቱ መካከለኛ በሚሆንበት በጥቅምት መሥራቱን እመርጣለሁ።

እስከ 2 ሚሊ ሜትር ለሚደርስ ክፍተት ከዚያው ዓይነት እንጨት የወጣ የተነፋ ሰጋቱራ በነጭ ኮላ ለውሶ መሙላት ይበቃል፤ ቢሰነጠቅም መልሶ መሙላቱ አይከብድም። እስከ 6 ሚሊ ሜትር ለሚሆነው ከክፍተቱ ጥቂት የወፈረ የቃጫ ገመድ በስፓቱላ ጫፍ ከጣውላው ፊት ዝቅ እስኪል ድረስ ይጠቅጥቁ። ቃጫ ጣውላው ሲያብጥ ይጨመቃል፤ ለእኔ ከማንኛውም የቱቦ መሙያ ይበልጣል። ከዚያ ለሚሰፋው አናጢ ከታች ሳሳ አድርጎ የሰነጠቀው ቀጭን እንጨት ያስፈልጋል፤ ኮላው የሚቀባው ግን በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ሁለቱም ጎን ከተጣበቀ ሁለቱ ጣውላዎች እንደ አንድ ስለሚሆኑ፣ ሲሸሹ ወይ ስንጥሩ ወይ ጣውላው ራሱ ይተረተራል።

የሚነፋ ፎም አልመክርም፤ ከሥር የሚመጣን ብስባሴና ምስጥ ከዓይን ይሰውራል።

በግድግዳው ጥግ የተተወው ክፍተት ጣውላው የሚሰፋበት ስለሆነ በቃጫ ብቻ ይሞላል፤ ዞኮሎውም ከወለሉ ጋር ሳይሆን ከግድግዳው ጋር ይመታል።

ወለሉ ከተደፈነ በኋላ ክፍሉ ቀድሞ በስንጥቁ ያገኘው የነበረውን አየር ስለሚያጣ፣ ለቡናም ሆነ ለሙቀት ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ከበፊቱ የባሰ አደገኛ ይሆናል፤ ምድጃውን ውጭ ያድርጉት።