ባለ አንድ አይሲ የሲንተሳይዘር ፊልተር፦ አሠራሩና ብልሽት አፈላለጉ

ርካሽ ኪቦርድ ላይ ያለው የብራስና የስትሪንግ ድምፅ ብዙ ጊዜ ጆሮ ይወጋል። ፊልተር ቀጭኑን ድምፅ እየቆረጠ ወፍራሙን ያሳልፋል። የት ላይ እንደሚቆርጥ በአንድ ማዞሪያ ይወሰናል። ሬዞናንስ የሚባለው ሁለተኛው ማዞሪያ የመቁረጫው ድንበር ላይ ያለውን ድምፅ ያጎላዋል፤ ሲበዛ ሰርኪዩቱ ራሱ ያፏጫል። እዚህ የሚሠራው ሳለን-ኬይ የሚባለው ዓይነት ነው። ሳለንና ኬይ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካ ባለው የኤምአይቲ ሊንከን ላቦራቶሪ ያወጡት ሲሆን፣ በ1978 የወጣው ኤምኤስ-20 የተባለው የኮርግ ሲንተሳይዘር ፊልተርም የዚሁ ዘር ነው።

የሚያስፈልገው

አይሲ (ድምፅ ማጉያ ቺፕ) ቲኤል072 አንድ፣ ባለ 8 እግር ሶኬት አንድ። ሬዚስተር፦ 1 ኪሎ ኦም ሦስት፣ 22 ኪሎ ኦም አንድ፣ 100 ኪሎ ኦም ሁለት። ካፓሲተር፦ 10 ናኖፋራድ ሁለት፣ 100 ናኖፋራድ ሁለት፣ 1 ማይክሮፋራድ ሁለት (የ1 ማይክሮው ፖላሪቲ የሌለው ቢሆን ይመረጣል)። ባለ 100 ኪሎ ኦም ስቴሪዮ ቮልዩም አንድ (የመቁረጫው ማዞሪያ)፣ ባለ 50 ኪሎ ኦም ነጠላ ቮልዩም አንድ (የሬዞናንሱ ማዞሪያ)፣ ቀይ ኤልኢዲ ሁለት፣ ጃክ ሁለት፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሁለት፣ ባለ 6 እግር ማብሪያ ማጥፊያ አንድ፣ ቁራጭ ቬሮቦርድ (የመዳብ መስመሮች ያሉት ባለ ቀዳዳ ቦርድ)።

አብዛኛው ከተበላሸ አምፕሊፋየር ይፈታል፤ አዳማ ውስጥ ቴፕና ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ጠይቁ። ያልተገኘው መርካቶ ይፈለጋል። ከአሮጌ አምፕሊፋየር 4558 አይሲ ከወጣላችሁ እግሮቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ በቲኤል072 ቦታ ይገባል። ቲኤል072 ግን ይሻላል። 4558 በመግቢያ እግሩ ጥቂት ከረንት ይስባል፤ ያ ከረንት በ100 ኪሎ ኦሙ ቮልዩም ውስጥ ሲያልፍ ማዞሪያውን ባነቃነቃችሁ ቁጥር ያንኳኳል።

በ10 ናኖው ካፓሲተር ላይ አትሰስቱ። ቡናማው ክብ ሴራሚክ ሙቀት ሲለዋወጥ ዋጋውም ይለዋወጣል፤ በአዳማ ሙቀት ጠዋት ያስተካከላችሁት ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ታገኙታላችሁ። 103ጄ የሚል የተጻፈበትን ማይላር (የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር) ውሰዱ። 103 ማለት 10 ናኖፋራድ፣ ጄ ማለት ደግሞ ስህተቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም ማለት ነው።

ስቴሪዮ ቮልዩሙን ከመበየዳችሁ በፊት ለኩ

የዚህ ፊልተር ጣጣ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ስቴሪዮ ቮልዩም በአንድ ዘንግ የሚዞሩ ሁለት ቮልዩሞች ነው፤ ፊልተሩ ሁለቱም እኩል ዋጋ እንዲኖራቸው ይፈልጋል። ርካሾቹ ግን እኩል አይደሉም። ዘንጉን ወደ ራሳችሁ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርጉ፤ በስተግራ ያለው እግር 1 ነው። በሩብ፣ በግማሽና በሦስት አራተኛ ዙር ላይ እያቆማችሁ የሁለቱንም ወገን እግር 1 እና 2 በቴስተር ለኩ። ልዩነቱ ከ20 በመቶ ከበለጠ ሌላ ፈልጉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፉጨት የሚጀምረው የሁለተኛው ወገን ዋጋ ለመጀመሪያው ተካፍሎ 2 ሲደመርበት የሚገኘው ቁጥር ላይ የአይሲው ማጉላት ሲደርስ ነው። እኩል ከሆኑ 3 ላይ ይጀምራል። ሁለተኛው ወገን በ20 በመቶ ከበለጠ 3.2 ይፈልጋል፤ ካነሰ ደግሞ ቀድሞ ያፏጫል። እዚህ በመረጥነው 50 ለ22 ኪሎ ኦም ማጉላቱ (1 ሲደመር 50 ለ22 ሲካፈል) እስከ 3.27 ስለሚደርስ ትንሽ ልዩነትን ይችላል፤ ትልቁን አይችልም።

ሌላው የፊደሉ ጉዳይ ነው። የድምፅ ቮልዩም ላይ ብዙ ጊዜ «ኤ» ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ይህ ዓይነቱ ግማሽ ዙር ላይ ከሙሉ ዋጋው አሥር ወይም አሥራ አምስት በመቶ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለእኛ እሱ ነው የሚመቸው፤ እግር 1 እና 2 ተጠቀሙ። ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁ እየደፈነ ይሄዳል፤ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው፣ ይለመዳል። «ቢ» የተጻፈበት ግማሽ ዙር ላይ 50 ኪሎ ኦም ስለሚሰጥ ለውጡ ሁሉ በአንድ ዳር ይታጨቃል። የ50 ኪሎ ኦሙ የሬዞናንስ ቮልዩም ግን «ቢ» ይሁን። በሁሉም ላይ እግር 3ን ከእግር 2 ጋር አያይዙት፤ አቧራ ገብቶ መሃለኛው እግር ቢለቅ መስመሩ አይበጠስም። የአዳማን ንፋስ የሚያውቅ ይህን ደረጃ አይዘልም።

ቦርዱ

ለአንድ አይሲ ፕሪንት ቦርድ በአሲድ መብላት ትርፉ ድካም ነው፤ ቬሮቦርድ ይበቃል። ሶኬቱ አራት የመዳብ መስመር ላይ ይቀመጣል፤ በሁለቱ የእግር ረድፎች መካከል አራቱንም መስመሮች በመሰርሰሪያ ጫፍ በእጅ እያዞራችሁ ቁረጡ። ከዚያ 1 ከ8፣ 2 ከ7፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5 እንዳልተገናኙ በቴስተሩ ድምፅ አረጋግጡ። ፀጉር የምታህል መዳብ ብትቀር ሾርት ናት። ቦርዱ ሲገለበጥ የእግሮቹ ቁጥር እንደ መስታወት ይዞራል፤ በመዳቡ በኩል እግር 1ን በማርከር ምልክት አድርጉበት።

መበየጃው 30 ወይም 40 ዋት ይሁን። ለቆርቆሮ ሥራ የሚውለው ባለ 100 ዋት መዳቡን ከቦርዱ ያላቅቀዋል። የቆርቆሮ ሠሪዎች አሲድም ቦርዱ አጠገብ አይድረስ፤ ውሎ አድሮ ይበላዋል።

መስመሩ

ከመግቢያው ጃክ በ1 ማይክሮፋራድ ወደ አይሲው እግር 3፤ ከእግር 3 ወደ ግራውንድ (የጋራው ዜሮ መስመር) 100 ኪሎ ኦም። እግር 1 እና 2 ይያያዛሉ። ከእግር 1 ተነስቶ 1 ኪሎ ኦም፣ የስቴሪዮ ቮልዩሙ መጀመሪያ ወገን፣ ሁለተኛው ወገን፣ ሌላ 1 ኪሎ ኦም፣ መድረሻው እግር 5። ከእግር 5 ወደ ግራውንድ 10 ናኖፋራድ። ሁለቱ ወገኖች ከሚገናኙበት ቦታ ሌላው 10 ናኖፋራድ ወደ እግር 7 ይሄዳል፤ ወደ ግራውንድ አይደለም። ከእግር 6 ወደ ግራውንድ 22 ኪሎ ኦም። በእግር 6 እና 7 መካከል ባለ 50ው ቮልዩም፣ በዚያው ላይ ሁለቱ ኤልኢዲ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ዞረው። ኤልኢዲዎቹ ፉጨቱ ልክ እንዳያልፍ ይይዙታል። ከእግር 7 በ1 ማይክሮፋራድና በ1 ኪሎ ኦም ወደ መውጫው ጃክ፤ ከጃኩ ወደ ግራውንድ ቀሪው 100 ኪሎ ኦም።

በእነዚህ ዋጋዎች መቁረጫው በግምት ከ158 ኸርዝ እስከ 15,900 ኸርዝ ይጓዛል።

ኃይሉ

የአንዱ ባትሪ ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል፤ መገናኛቸው ግራውንድ ነው። ቀሪው ፖዘቲቭ ወደ እግር 8፣ ቀሪው ኔጌቲቭ ወደ እግር 4። አይሲው ራሱ የግራውንድ እግር የለውም። እግር 4ን ከግራውንድ ጋር የሚያያይዝ ሰው የድምፁን ግማሽ ያጣል። ሁለቱ 100 ናኖፋራዶች ከእግር 8 እና ከእግር 4 ወደ ግራውንድ፣ አይሲው ሥር ተጠግተው ይበየዱ። ማብሪያ ማጥፊያው ባለ 6 እግር የሆነው ሁለቱን ባትሪዎች በአንድ ጊዜ እንዲቆርጥ ነው። የስልክ ቻርጀር እዚህ አይሆንም፤ ኔጌቲቩን አይሰጥም፣ ጩኸትም ያስገባል።

መጀመሪያ ያለ አይሲ አብሩና ለኩ፤ ከግራውንድ እግር 8 ላይ +9፣ እግር 4 ላይ −9 ገደማ። አጥፍታችሁ አይሲውን አስገቡ፣ ሬዞናንሱን ወደ ዜሮ አዙሩ፣ እንደገና አብሩ። እግር 1 እና 7 ዜሮ አካባቢ መሆን አለባቸው፤ በ4558 እስከ 0.3 ቮልት ቢያሳይ አትደንግጡ። ከዚያ በኋላ ነው አምፕሊፋየር የሚሰካው፣ እሱም ድምፁ ተቀንሶ።

ሲበላሽ

እግር 7 ላይ 8 ቮልት ግድም ተቀምጦ ካልወረደ መስመር ተበጥሷል፤ የቮልዩሞቹን ብየዳ ወይም የእግር 3ን 100 ኪሎ ኦም እዩ። ፊልተሩ እየቆረጠ ሬዞናንሱ ድምፅ ከመጨመር በቀር ምንም ካላደረገ፣ መሃለኛው 10 ናኖ ወደ እግር 7 ሳይሆን ወደ ግራውንድ ሄዷል። ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ይህ ነው።

ሬዞናንሱ ገና ሲነካ ካፏጨ የ22 ኪሎ ኦሙን ቀለም ዳግም አንብቡ፦ ቀይ ቀይ ብርቱካናማ ነው፤ ቀይ ቀይ ቀይ 2.2 ኪሎ ኦም ነው። አንድ ቦታ እያፏጨ ሌላ ቦታ ዝም ካለ የቮልዩሙ ሁለት ወገኖች እኩል አይደሉም፤ ቦታ ለቦታ ለዋውጧቸው። አይሲው ሞቆ ድምፁ ከሻከረ የ100 ናኖዎቹ አለመኖር ወይም መራቅ ነው።

ባለ 50 ኸርዝ የመብራት ጉምጉምታ ካለ ሁሉን በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ክተቱና ጣሳውንም የቮልዩሞቹንም ብረት ከግራውንድ ጋር አያይዙ። ጉምጉምታው ካልጠፋ ኪቦርዱን ከአዳፕተር ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። ያኔ ከጠፋ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው፤ ቦርዱን አትንኩ።