ሻንጣህን ከመሸከፍህ በፊት ቤትህን ሸክፍ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ማስከበር ለምትወጡ የጎጃም ልጆች

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ደውሎ "ጋሼ ስሜ ወጥቷል፣ ደቡብ ሱዳን ነው፣ ምን ምን ልያዝ?" አለኝ። በስልክ የነገርኩት አልበቃ ብሎኝ አደርኩ፣ ስለዚህ ለሱም እንደሱ ላሉትም ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እኔ መጀመሪያ የወጣሁት በ2005 ዓ.ም ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ወደሚወዛገቡባት ወደ አብዬ ነው፣ የአብዬው የተመድ ሰላም አስከባሪ ሃይል ዩኒስፋ በሰኔ 2003 ሲቋቋም ሰራዊቱ በሙሉ ማለት ይቻላል የኛ ነበር፣ አሁን ቦታው በሌሎች አገሮች ወታደሮች ተተክቷል። ቦታው ቢለያይም ዝግጅቱ ያው ነው።

ሁሉም ሰው ሚሽን ሲባል ሻንጣውን ነው የሚያስበው። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ግን እዛ ሄጄ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ የረሳሁት ካልሲ አደለም፣ ቤት ሳልጨርስ የተውኩት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ እንጀምር።

ውክልና ስጥ። ለሚስትህም ይሁን ለወንድምህ፣ ለምታምነው ሰው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ ሁሉንም ይሰራልኛል" ብሎ ነው፣ በፍትሐ ብሔር ህጉ ጠቅላላ ውክልና ማለት የአስተዳደር ስራ ብቻ ነው፣ ኪራይ መቀበል፣ ቤት ማስጠገን፣ እዳ መሰብሰብ ምናምን። ቤት መሸጥ ወይ ማስያዝ፣ ክስ መመስረት ወይ ለክስ መልስ መስጠት ልዩ ውክልና ይፈልጋል፣ እያንዳንዱ ስልጣን በግልፅ ተጽፎ። አንተ በሌለህበት የወሰን ክርክር ቢነሳ ወንድምህ ያንን ወረቀት ይዞ ካልቀረበ ሊቆምልህ አይችልም። መሬት ለእኩል ሰጥተህ ከሆነም ውሉን በጽሁፍ አድርገው፣ ሽማግሌ ያውቀዋል ብለህ አትተው፣ የመሬት ደብተሩን ደግሞ ኮፒ አስደርገህ ዋናውን ቤት ውስጥ የት እንዳስቀመጥክ ለአንድ ሰው ብቻ ንገር።

ተጠሪ ወይም ወራሽ የምታስሞላውን ፎርም በጣም ተጠንቀቅ። እኔ የእማየን ስም ሰው በሚጠራት አስሞላሁት፣ መታወቂያዋ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነው፣ እሱን ደግሞ እኔም በወጉ አላውቀውም ነበር። ከደሞዜ የላኩላትን ልታወጣ ባንክ ስትሄድ "እማማ ይሄ ስም ያንች አደለም" ብለው መለሷት። ከኛ ቀበሌ እስከ ከተማ የሶስት ሰአት የእግር መንገድ ነው። ሁለት ጊዜ ተመላለሰች፣ የቀበሌ ደብዳቤ አጻፈች፣ ብሩ እጇ የገባው ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ጤፍ መግዣ የተበደረችው ከጎረቤት ነው። ይሄን የሰማሁት ደግሞ ከሷ ሳይሆን ከሌላ ሰው ነው፣ እንዳልጨነቅ ብላ ደብቃኝ። ስለዚህ ቁጭ በልና የእናትህን፣ የአባትህን፣ የሚስትህን መታወቂያ በእጅህ ይዘህ ፊደል በፊደል አስሞላ፣ ፋይዳ ካላቸው ከፋይዳው ጋር አመሳክር፣ ካልገጠመ ሳትሄድ አስተካክል። የባንክ ደብተሩንም አንድ ጊዜ አብረሃት ሄደህ መቶ ብርም ቢሆን አስወጣት፣ እየሰራ መሆኑን በአይንህ እይ።

የእድር ቀድመህ ክፈል፣ የአመቱን። እቁብ ውስጥ ካለህ ጨርሰህ ውጣ ወይ በስምህ የሚጥልልህ ሰው አስይዝ። የተበደርከውን ንገር፣ ያበደርከውንም ንገር።

ደግሞ ለቤተሰብ እውነቱን ንገራቸው። እኔ እማየን "ለስልጠና ሁርሶ ነኝ" ብያት ወጣሁ፣ እንዳትፈራ ብዬ ነበር። የጎረቤት ልጅ ቤት መጥቶ "ልጅሽ ሱዳን ገባ አሉ" ሲላት በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር አሉ፣ እንደያዘችው ቁጭ አለች። ከዛ በኋላ አንድ አመት ሙሉ የምነግራትን ሁሉ አላመነችኝም፣ ደህና ነኝ ስላትም አላመነችም። እናት ከምታውቀው ነገር ይልቅ የምትፈራው የማታውቀውን ነው። የት እንደምትሄድ፣ ለስንት ጊዜ፣ ስራህ ምን እንደሆነ በሚገባት ቋንቋ አስረዳት፣ ጥበቃ፣ ቅኝት፣ ምናምን። ብታለቅስም አብረሃት ስላለህ ታባብላታለህ።

ጤና። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱ ከተከተብክ 10 ቀን ካልሞላው አይሰራም፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሳምንት አታቆየው፣ ካርዱን ከፓስፖርት እኩል ጠብቀው። ጥርስህ ትንሽም የሚያምህ ከሆነ አሁን ታከመው፣ ካምፕ ላይ የጥርስ ህመም ሰው ያሳብዳል። የደም አይነትህን እወቅ። መነጽር የምታደርግ ከሆነ ሁለት አሰራ።

ወባውን ለብቻ ልናገር ምክንያቱም የኛ የደጋ ልጆች ይንቁታል። የቡሬና የጃቢ ጠህናን ቆላ ልጅ ወባን ያውቃታል፣ ከጮቄ ስር የመጣው ግን ብርድ እንጂ ወባ አያውቅም፣ ትኩሳት ሲይዘው ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛል። አትተኛ። እዛ ያለው ብዙው ፋልሲፓረም የሚባለው ነው፣ በቀናት ውስጥ ይገድላል፣ ትኩሳት በያዘህ በዛው ቀን ተመርመር። መከላከያ ኪኒን ይሰጣችኋል፣ ዶክሲሳይክሊን ከሆነ በየቀኑ ነው፣ ከመግባትህ 1 ወይ 2 ቀን ቀድመህ ጀምረህ ከወጣህም በኋላ 4 ሳምንት ትቀጥላለህ፣ ብዙ ሰው ቤቱ ሲደርስ ያቋርጣል እዛ ላይ ነው የሚያዘው። እህል ቀምሰህ በብዙ ውሃ ዋጠው፣ ወዲያው ጋደም አትበል ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ደግሞ ቆዳን ለጸሐይ ያሳሳል ስለዚህ እጅጌህን አውርድ። በሳምንት አንዴ የሚዋጠው ሜፍሎኪን ከሆነ የተሰጠህ፣ ቅዠት ወይ ጭንቀት ካመጣብህ ዝም አትበል፣ ለሀኪም ንገር ይቀየርልሃል። አጎበሩን ፍራሽ ስር አስገብተህ ተኛ። ከተመለስክ ከወራት በኋላም ትኩሳት ቢይዝህ ለሀኪሙ መጀመሪያ የምትናገረው "ሚሽን ነበርኩ" የሚለውን ነው።

ሙቀቱ ደግሞ አለ። ደብረ ማርቆስ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ ጁባ 500 አካባቢ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ በእግሩ የወረደ ሰው ያውቀዋል፣ ያ ሙቀት ሌት ተቀን አለቅ ሲልህ ማለት ነው፣ በበጋው መጨረሻ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሰውነት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ በነዚያ ቀናት ጉልበትህን ለማሳየት አትሩጥ። ውሃ ሳይጠማህ ጠጣ፣ ሽንትህ ከጠቆረ ውሃ አንሶሃል። ሶስት አራት ፓኬት ኦአርኤስ፣ ያ በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ በኪስህ ይኑር። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ አብዬ የቢቸና ዋልካ ነው፣ መኪና ይውጣል፣ ጫማ ይነቅላል።

አሁን ሻንጣው። ዩኒፎርም፣ ሰማያዊ ቆብ፣ ሄልሜት፣ ጥይት መከላከያ ይሰጥሃል፣ እሱን አታስብ። ኪሎ ይመዘናል፣ ስንት እንደተፈቀደ ከክፍልህ ጠይቅና ከዛ 3 ኪሎ ቀንሰህ ሸክፍ፣ የመጨረሻ ቀን ሁሌ የሚጨመር ነገር ይመጣልና። ሁለት ሻንጣ አድርገው፣ አንዱ ትልቁ፣ አንዱ ከእጅህ የማይለይ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ። ትልቁ በሌላ በረራ ሊመጣ ይችላል፣ የኔ ከአራት ቀን በኋላ ነው የደረሰው። ስለዚህ ትንሹ ውስጥ የሶስት ቀን የውስጥ ልብስና ካልሲ፣ አንድ ቲሸርት፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የምትወስደው መድሃኒት፣ አጎበር ቦታ ካለው፣ የራስ ባትሪ፣ ፎጣ፣ ወረቀቶችህ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልለው። ፓወር ባንክም የግድ እዚሁ፣ እቃ ውስጥ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም ያስወርዱሃል፣ 20,000 የሚለው ይበቃል።

ትልቁ ሻንጣ ላይ ምልክት አድርግ። ሁሉም አረንጓዴ ነው ሁሉም አንድ ነው፣ ሌሊት በባትሪ ሶስት መቶ ሻንጣ መሃል ፈልገህ አታገኘውም። ለሁለተኛው ሚሽን ስወጣ እማየ ከአሮጌ ነጠላዋ ቀዩን ጥለት ቀዳ እጀታው ላይ በድርብ ክር ሰፋችልኝ፣ ጫፉን ደግሞ እንዳይተረተር አጥፋ ሰፋችው። ከሩቅ ነበር የማየው። ያ ጥለት አሁንም አለኝ።

ጫማ አዲስ ከሆነ ሳትሄድ አንድ ወር ቀድመህ አድርገው፣ እርጥብ ካልሲ አድርገህ ረጅም መንገድ ሂድበት፣ እግርህን የሚልጥህ እዚህ እያለህ ይላጥህ። ካልሲ ቢያንስ 8 ጥንድ። ለሻወር ነጠላ ጫማ። መርፌና ክር፣ ጥፍር መቁረጫ፣ የእግር ፓውደር፣ የትንኝ ቅባት፣ ልብስ መስቀያ ገመድ አስር ሜትር፣ ትንሽ ቁልፍ ለሳጥንህ። ልብሱን አትጠፍ ጠቅልለው፣ ጥቅልሉን በፌስታል አስረህ አስገባ። ጅንስና ከባድ ጃኬት እዚሁ ተው።

ስንቅ ላይ እናቶችን ማስቆም አይቻልም፣ አያስፈልግምም፣ ግን ምረጥ። በሶ ወርቅ ነው፣ የገብሱ ቆሎ በደንብ ከተቆላና ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ከታሸገ ወራት ይቆያል፣ ትኩስ ከታሸገ ግን ያልበዋል ይሻግታል። ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ጥሩ ነው። ሁሉንም በድርብ ላስቲክ፣ ከልብስ ለይ። ቅቤ አትያዝ! የኔን እማየ አንጥራ በሃይላንድ ሞልታ ከነኮረሪማው ሰጥታኝ ነበር፣ እዚህ እያለ እንደ ድንጋይ የረጋ ነበር፣ እዛ ሜዳ ላይ ጸሐይ ሲመታው ቀልጦ በክዳኑ ወጣና ዩኒፎርሜን፣ ዳዊቴን፣ አንሶላዬን ሁሉ አዳረሰው። ዳዊቱ ገጾቹ እስካሁን ቢጫ ናቸው። አረቄም አይሞከርም፣ በዲሲፕሊን ያስመልስሃል። ምን አይነት ምግብ እንደሚገባ ደግሞ ከክፍልህ ሎጂስቲክስ አረጋግጥ።

ጾም የምትጾም ከሆነ ከመሄድህ በፊት ከነፍስ አባትህ ጋር ተነጋገር። ራሽኑ የጾም ወቅት አይጠብቅም፣ ስራውም ሙቀቱም ከባድ ነው፣ እሳቸው የሚሉህን ይዘህ ከሄድክ እዛ ስትሆን ከህሊናህ ጋር አትጣላም። ትንሽ ዳዊት በላስቲክ፣ ማተብህ፣ በቃ።

ስነምግባሩን በስልጠና ይነግሯችኋል፣ እኔም ልድገመው ምክንያቱም ከልቤ የማስበው ነገር ነው። ከ18 አመት በታች ካለች ልጅ ጋር ምንም አይነት የወሲብ ግንኙነት የተከለከለ ነው፣ እድሜዋን አላወኩም ማለት አያድንም። በገንዘብ፣ በምግብ፣ በስራ ለውጥ የሚደረግም እንደዛው፣ ይሄ በተመድ ከ2003 እ.ኤ.አ ጀምሮ በጽሁፍ የተቀመጠ ነው። አጥር ጋ የሚመጡት ልጆች የራቡ ናቸው፣ ሴቶቹ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ናቸው። የእህትህን ፊት አስበህ እያቸው። ጓደኛህ ሲያጠፋ ካየህም አትሸፍን።

ስለ ብር ባጭሩ። ተመድ ለእያንዳንዱ ወታደር የሚከፍለው ወርሃዊ ክፍያ ለመንግስት ነው የሚገባው፣ ላንተ የሚደርስህን አገርህ ትወስናለች። በቀጥታ ከተመድ ለሁሉም አገር ወታደር እኩል የሚሰጠው በቀን 1.28 ዶላር የኪስ ነው፣ በየስድስት ወሩ እስከ 15 ቀን ለሚሆን እረፍት ደግሞ በቀን 10.50 ዶላር። ወሬ ሰምተህ ቤት ልሰራ ነው ብለህ ቀድመህ እዳ አትግባ።

የመጨረሻው ስልክ ነው። የኢትዮጵያ ሲምህን አትጣለው፣ የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በሱ ነው። እዛ ዜይን ወይ ኤምቲኤን ታወጣለህ። ካምፑን፣ መኪናውን፣ ጓደኞችህን ፎቶ አንስተህ አትለጥፍ። ከቤት ጋር ቀንና ሰአት ተቃጠሩ፣ በኛ አገር ኔትወርክ እንደልብ አደለም፣ እማየ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተክርስቲያኑ በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ወጥታ ነበር የምትጠብቀኝ፣ እሁድ አምስት ሰአት፣ ዝናብም ቢሆን። አንድ እሁድ ቅኝት ላይ ሆኜ ሳልደውል ቀረሁ፣ እስከ ማታ እዛው ቆማ አመሸች። ስለዚህ ሳትሄድ ይሄን ንገራት፦ "እሁድ ካልደወልኩ ስራ ላይ ነኝ ማለት ነው፣ ግቢ ቤትሽ፣ ሮብ እደውላለሁ፣ ሮብም ካልሆነ እገሌ ጋ ደውይ"፣ የእገሌንም ቁጥር በትልልቁ ጽፈህ ግድግዳው ላይ ለጥፍላት።