የላሊበላን የእንግዳ መምሪያና ካርታ በነዋሪው እጅ ማዘጋጀት

ላሊበላ የመጣ እንግዳ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አያጣቸውም፤ የሚቸገረው በመንገዱ ነው። ስለዚህ ሥራውን በእግር ጀምሩ። መነሻ ካርታ ከኦፕንስትሪትማፕ (በጎ ፈቃደኞች ከሚያዘጋጁት ነፃ የኢንተርኔት ካርታ) አውርዱ፤ ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ ማተም ይፈቀዳል። የጉግልን ካርታ በስክሪንሾት ገልብጦ ማተም ግን የቅጂ መብት ጥያቄ ያስነሳል።

ሁለት ሁለት እየሆናችሁ የስልክ ጂፒኤስ ከፍታችሁ ሰፈሩን ዙሩ። ከተማው ተዳፋት ነውና በሜትር የተጻፈ ርቀት ያሳስታል። ቁልቁል 8 ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ ሽቅብ 15 ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ጻፉ። ደረጃው፣ በክረምት የሚያዳልጠው ድንጋይ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የቅዳሜ ገበያው ይመዝገቡ። የሰፈር ስም ከአዛውንቶች ጠይቁ። ዋጋ አትጻፉ፤ ሳይታተም ይለወጣል።

በብዛት የሚበላሸው ሰዓትና ቀን ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት» በእንግሊዝኛው ዓምድ 2:00 ተብሎ ከተገለበጠ እንግዳው ግራ ይጋባል፤ 8:00 ብላችሁ ጻፉት። ገናም በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ በሌሎቹ ዓመታት 29 ይውላል።

ኤ3 ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ኤ6 ሆኖ ኪስ ይገባል። እጥፋቱ ላይ ጽሑፍ አታሳርፉ፤ ቶሎ ይፋቃል። የፊደሉ መጠን ከ9 ነጥብ (ፖይንት) አይነስ፤ ካነሰ «ቡ» እና «ቢ» አይለዩም።

መጀመሪያ 10 ቅጂ ብቻ አትሙ። ከተማውን ለማያውቅ ሰው ሰጥታችሁ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ከቤተ መድኃኔ ዓለም ቤተ ጊዮርጊስ እንዲደርስ አድርጉ። ከኋላው ተከተሉ፤ ቆሞ ካርታውን ያዟዟረበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይጎድለዋል።