የቨርቹዋል ማሽን ሰዓት ሲዛባ፦ ችግሩና መፍትሄው

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፤ ከርበሮስ (በኔትወርክ ላይ የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጠው ሥርዓት) ግን አላስገባም ይላል። ከስልክ አፕ የምታስገቡት ባለ 6 አሃዝ ኮድም አልሠራ አለ። ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት የሰርቨሩን፣ ማለትም የቨርቹዋል ማሽኑን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራውን ኮምፒውተር) ሰዓት እዩ። ከርበሮስ በተለምዶ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም። ኮዱ ደግሞ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል።

ምክንያቱን የሚነግራችሁ ሰዓቱ የተዛባበት መንገድ ነው።

ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ከሆነ

ኢትዮጵያ ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የምትቀድመው በ3 ሰዓት ነው። ዊንዶውስ የሃርድዌሩን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት ያነባል፤ ሊኑክስ እንደ ዩቲሲ። ቨርቹዋልቦክስ (ቨርቹዋል ማሽን የሚያሠራ ፕሮግራም) ላይ ለሊኑክስ ማሽን የሃርድዌር ሰዓቱን በዩቲሲ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። በቃ።

ማሽኑ ቆሞ ሲነሳ ወደ ኋላ ከቀረ

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ማሽኑን ስታቆሙት ወይም ወደ ስናፕሾት (ቀድሞ ወደተቀመጠ የማሽኑ ቅጂ) ስትመልሱት፣ እሱ የሚያውቀው ያቆመበትን ሰዓት ነው። ክሮኒ (ሊኑክስ ላይ ሰዓትን ከኢንተርኔት ወይም ከኔትወርክ የሚያስተካክል ፕሮግራም) እያለ ለምን አላስተካከለውም? ብዙ ሊኑክሶች ላይ በክሮኒ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ሜክስቴፕ» (makestep) የሚለው መስመር 1 እና 3 ተብሎ ነው የሚመጣው። ከ1 ሰከንድ የሚበልጥ ልዩነትን በአንዴ የሚያርመው ክሮኒ ሲነሳ በሚያደርጋቸው የመጀመሪያ 3 እርማቶች ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይጎትተዋል፤ ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ በጣም ይቆያል። ለጊዜው በትእዛዝ መስመር «ክሮኒሲ ሜክስቴፕ» (chronyc makestep) በሉት፣ ወዲያው ይስተካከላል። ለዘለቄታው 3ቱን በ-1 (ገደብ የለም ማለት ነው) ቀይሩ። ዳታቤዝ ያለበት ማሽን ላይ ግን -1 አልመክርም። ሰዓቱ ወደ ኋላ ከዘለለ የመዝገቡ ቅደም ተከተል ይመሰቃቀላል። እዚያ ዳታቤዙን አቁሞ በእጅ ማረም ይሻላል።

አንዴ እየቀደመ አንዴ እየዘገየ ከተቸገራችሁ

ሰዓቱን ሁለት ፕሮግራም እያረመው እንደሆነ ጠርጥሩ። ለምሳሌ የቪኤምዌር ቱልስ (ቪኤምዌር በማሽኑ ውስጥ የሚጭነው አጋዥ ፕሮግራም) ማመሳሰያ እና ክሮኒ አብረው በርተው ይሆናል። አንዱን ብቻ ተዉ። እኔ ክሮኒን ትቼ የቪኤምዌሩን በየጊዜው የሚያመሳስል ምርጫ አጠፋለሁ። ሆስቱም (ቨርቹዋል ማሽኑን የያዘው ዋናው ኮምፒውተር) የራሱ ኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት ማመሳሰያ) ይኑረው፤ ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው የሆስቱን ሰዓት ነውና።

ክሮኒ በርቶም ምንም ካልተለወጠ

«ክሮኒሲ ሶርስስ» (chronyc sources) ብላችሁ «ሪች» (Reach) የሚለውን ዓምድ እዩ። 377 ከሆነ የመጨረሻዎቹ 8 ጥያቄዎች በሙሉ መልስ አግኝተዋል። 0 ከሆነ አንድም መልስ እየደረሰ አይደለም። ያኔ ፋየርዎሉ ላይ ኤንቲፒ የሚጠቀምበት ዩዲፒ ፖርት 123 ተዘግቶ እንደሆነ አጣሩና አስከፍቱ።