«ቫይታሚን ነው፤ ቢበዛ ምን ይጎዳል?»

የሥነ ምግብ ምክር መስጠት ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ይህን ጥያቄ ስሰማ አሁንም ሆዴን ይረብሸኛል። ምክንያቱም ይጎዳል።

ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሳንባ ካንሰር ይጠብቃቸዋል በሚል ተስፋ ከፊሎቹ በቀን 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን (ካሮት ውስጥ ያለ፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር) ይወስዱ ነበር። ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰሩ በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። የምታጨሱ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ ይህን ነገር በክኒን አትውሰዱ። ካሮቱን ብሉ።

በሽታን ከሚከላከሉልን ነጭ የደም ሴሎች አንዳንዶቹ ባክቴሪያን ውጠው የሚገድሉት ከኦክሲጅን በሚሠሯቸው ኃይለኛ ኬሚካሎች ነው። ቫይታሚን ሲ እና ኢ ደግሞ ሴሉ በገዛ መሣሪያው እንዳይጎዳ ይጠብቁታል። ጠባቂው በዛ ማለት ግን ውጊያው በረታ ማለት አይደለም።

አንድ አባት ሦስት ብልቃጥ ይዘው መጡ። ሦስቱም ውስጥ ቫይታሚን ኤ አለ፤ ያውም በሬቲኖል መልክ፣ ማለትም ሰውነት መለወጥ ሳያስፈልገው የሚጠቀምበት ዓይነት። ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን አብረን ደመርን። ለአዋቂ በቀን ከ3,000 ማይክሮ ግራም መብለጥ የለበትም። የእሳቸው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። «ልጄ፣ ጉንፋን እንዳይዘኝ ብዬ እኮ ነው» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ጀርባውን ሳታነቡ ክኒን በክኒን ላይ አትደርቡ።

ቅባት የሚባል ነገር እርም ያሉም አሉ። ሥራ ስጀምር እኔም «ቅባት አትንኩ» እያልኩ እመክር ነበር። ተሳስቼ ነበር። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ቅባት ከአንጀት ወደ ደም በደንብ አይገቡም። አትክልቱ ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉበት።

የዓሣ ዘይት በእፍኝ የሚውጡትስ? ውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 የሚባለው ቅባት ብግነትን (የሰውነት መቆጣትን) ያበርዳል፤ እውነት ነው። ግን ብግነት ሰውነት ተህዋስን የሚዋጋበት መንገድም ነው፤ ጨርሶ እንዲበርድ አንፈልግም። ደግሞ ይህ ቅባት ቶሎ ይበላሻል። አንዱን ክኒን በመርፌ በሱት፤ አሽትቱት። የከረመ ዘይት የሚሸት ከሆነ ብልቃጡን እንዳለ ጣሉት።

ቫይታሚን ሲን ጉንፋን ከያዛችሁ በኋላ መጀመር እምብዛም አይረዳም።

ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ የቫይታሚን ኢ ክኒን አትጀምሩ። መጠኑ ሲበዛ መድማትን ያባብሳል።